የምናባዛው ኖይዝ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ ከብርሃን ፍሪኩዌንሲ ተከፍሎ ስለሚገኝ ንጹሕ ማይክሮዌቭ ነው። እመጣበታለሁ። አስቀድሜ ግን ስለዚያ ሦስት ሳምንት ላንሳ።

ያን ራዳር ታስታውሱታላችሁ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ዒላማ አልታይ አለን። ጥፋቱ በሶፍትዌሩ ተላከከ። ልጆቹ ሌሊቱን እያደሩ ኮዱን ደጋግመው ጻፉ። ማጣሪያ ጨመሩ፣ ማጣሪያ ቀነሱ፣ አልሆነም። በሦስተኛው ሳምንት አንዷ የራዳሩን ሞገድ የሚያመነጨውን ኦሲሌተር ነቅላ ለካችው። ፌዝ ኖይዙ፣ ማለትም የሞገዱ ምት መዋዠቅ፣ ከመሬትና ከሕንፃ በሚመለሰው ጠንካራ ነጸብራቅ ላይ ተሳፍሮ እየመጣ ዒላማው በመንቀሳቀሱ የሚፈጥራትን ትንሿን የፍሪኩዌንሲ ለውጥ፣ የዶፕለር ምልክቷን፣ ይውጣት ነበር። ልጆቹን ግን ይቅርታ የጠየቃቸው የለም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የ10 ሜጋ ሄርትዝ የኳርትዝ ኦሲሌተር በ1,000 ሲባዛ 10 ጊጋ ሄርትዝ ይሰጣል። ፌዝ ኖይዙም 60 ዴሲቤል ያድጋል። ይህን የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። እያወቅን እናባዛለን! ከዚያ ሶፍትዌር ያጽዳልን እንላለን!

ከታች ከማባዛት ከላይ፣ ከብርሃን ፍሪኩዌንሲ ብንነሳስ? ሌዘሩን በሁለት መስታወቶች መካከል ባለ የረጋ ካቪቲ፣ ብርሃን በሚመላለስበት ክፍተት፣ ላይ እንቆልፈው። ደህና የተሠራ የ10 ሴንቲ ሜትር ካቪቲ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ርዝመቱ የሚዋዥቀው ከአንድ ፕሮቶን ስፋት ባነሰ ነው። የፍሪኩዌንሲ ማበጠሪያውን ደግሞ ከሌዘሩ ጋር እንቆልፈው። ጆን ሆልና ቴዎዶር ሄንሽ በ2005 ኖቤል ያገኙበት ሥራ ውስጥ ያለው ማበጠሪያ ማለት ነው፤ ጥርሶቹ በእኩል ርቀት የተደረደሩ የብርሃን ፍሪኩዌንሲዎች ናቸው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ማይክሮዌቭ ነው። ፎቶዳዮድ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ሲለውጠው 10 ጊጋ ሄርትዝ እጃችን ገባ። 200 ቴራ ሄርትዝ ለ20,000 ተካፈለ፤ የሌዘሩ ፌዝ ኖይዝ 86 ዴሲቤል ወረደ። መከፈል ኖይዙን ይዞት ይወርዳል። በ2011 የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም የኒስት ተመራማሪዎች ከ10 ጊጋ ሄርትዝ ሞገድ 1 ሄርትዝ ብቻ ርቆ ከሞገዱ ጉልበት ከ100 ዴሲቤል በላይ ዝቅ ያለ ኖይዝ አሳይተዋል።

ፎቶዳዮዱ ጣጣ አለው። የብርሃኑን ጉልበት መዋዠቅ ወደ ፌዝ ይለውጠዋል፤ የራሱንም ኖይዝ ይጨምራል። መሣሪያውን ወደ ቺፕ የማሳነስ ሥራም ተጀምሯል። ዝርዝሩን በሻይ ሰዓት እናወራለን።

አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በሚቀጥለው ፕሮጀክት ሰነድ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የኦሲሌተሩ የፌዝ ኖይዝ ኩርባ ይቀመጥ። እሱ ሳይታይ ማንም ኮድ ጻፍ አይባል።

እነዚያ ልጆች ዛሬ ከኋላ ተቀምጠዋል። ያኔ እኔም ዝም ብዬ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ።