ወረቀቱን ትተን ስልኩን እንይ

ክቡራን ዳኞች፣ የተከበራችሁ ሠልጣኞች፣

መርሐ ግብሩ ስለ ማላቦ ስምምነት፣ ስለ አፍሪካ የሳይበር ደኅንነትና የግል መረጃ ጥበቃ ስምምነት፣ ተናገር ይላል። አጭር ነው፤ የአፍሪካ ኅብረት በሰኔ 2006 ዓ.ም. ተቀበለው፤ 15ኛዋ አገር አጽድቃው ሥራ ላይ የዋለው በሰኔ 2015 ነው። ዘጠኝ ዓመት! አጭበርባሪው እስከዚያ ስንት ሲም ካርድ እንደቀየረ እግዜር ይወቀው።

ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። ሥልጠናዎቻችን ስምምነትና አዋጅ ሲዘረዝሩ ይውላሉ። ችሎት የሚቀርበው ግን የታተመ ስክሪንሾት ነው። ወረቀቱ ላይ የሚታየው የላኪ ስም ብዙ ጊዜ የስልኩ ባለቤት ራሱ የመዘገበው ነው። የማንንም ቁጥር በፈለጉት ሰው ስም ለማስቀመጥ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በዚህ ወረቀት ሰው እናስራለን?

ስልኩ ይቅረብ። ሲያዝ ከኔትወርክ ተለይቷል? ካልተለየ ውስጡ ያለው መረጃ ከርቀት ሊደመሰስ ይችላል። ማን ከፈተው? ቅጂው መቼ ተወሰደ? የቅጂው ሃሽ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላው ዲጂታል አሻራ፣ ኤስኤችኤ-256 በሚባለው ስሌት ከሆነ 64 ፊደልና ቁጥር፣ በዚያው ሰዓት ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል? የቅጂው ነው ያልኩት፤ የበራ ስልክ በየደቂቃው ይለወጣልና የስልኩን ሃሽ የሚያመጣላችሁን ባለሙያ አጥብቃችሁ ጠይቁት።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ ታገሡኝ። የሰርቨር መዝገብ «ሴፕቴምበር 10፣ 2024፣ 21:14:05 ዩቲሲ» ይላል እንበል። መርማሪው «ጳጉሜን 5 ቀን 2016፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ14» ብሎ ይገለብጠዋል። ተሳስቷል። ዩቲሲ፣ ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ድርጊቱ የተፈጸመው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ14 ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ገብቷል። እኛ ያንን ሌሊት ለመስከረም 1 አጥቢያ እንለዋለን፤ አንዱ ምስክር ጳጉሜን 5 ሌሊት ሲል ሌላው መስከረም 1 ይላል፣ ሁለቱም አልዋሹም። ተከሳሹ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ችቦ ሲያበራ ያዩት ጎረቤቶች መጥተው ይመሰክሩለታል፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን የመሰከሩት ስለ ሌላ ሰዓት ነው። ንጹሑም ሰው በዚሁ የሦስት ሰዓት ልዩነት ይፈረድበታል! ስለዚህ መዝገቡ በየትኛው የሰዓት ሰቅ እንደተያዘ በጽሑፍ ሳይቀርብ ምስክር አትስሙ።

የአይፒ አድራሻ፣ መሣሪያው ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ብቻውንም ሰው አያሳይም። የሞባይል ኔትወርኮች አንዱን አድራሻ በአንድ ጊዜ ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ። የተጋሩትን ግንኙነቶች የሚለየው የፖርት ቁጥርና እስከ ሰከንድ የተጻፈ ሰዓት አብሮ ካልተላከ፣ ቴሌኮሙ የሚመልሰው ስም ግምት ነው።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪው የትራፊክ መረጃን፣ ማለትም ግንኙነቱ ከየት ወደ የት፣ መቼ እንደተደረገ የሚያሳየውን፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲይዝ ያዛል። ከዚያ በኋላ የመያዝ ግዴታ የለበትም። እኛስ? ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እንጨምራለን! ማስረጃው ሲጠፋ ደግሞ ዐቃቤ ሕግን እንወቅሳለን። መረጃው እንዳይጠፋ የሚያዝ የማቆያ ትእዛዝ በመጀመሪያው ቀን ይውጣ።

ናይጄሪያ በማስረጃ ሕጓ ክፍል 84፣ ኬንያም በ106ለ፣ ከኮምፒውተር ለወጣ ሰነድ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ጥሩ ነው። ግን ማረጋገጫውም ወረቀት ነው፤ የፈረመውን ሰው አስቀርባችሁ ካልጠየቃችሁት ማኅተም ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ፕሮጀክተሩ ይጠፋል። በየጠረጴዛው አንድ ስልክና ሁለት ስክሪንሾት ይቀመጣል፤ አንዱ የተፈበረከ ነው። የትኛው እንደሆነና በምን እንዳወቃችሁት ጽፋችሁ ትሰጡናላችሁ።

አመሰግናለሁ።