ሳሙናውን ከቁም ሳጥን አውጡት
(ጥቅምት 5፣ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ልጆች፤ እንደምን አደራችሁ!

ዛሬ የዓለም የእጅ መታጠብ ቀን ነው። እኔ ግን የመጣሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ሳቢያን ሰፈር ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ይህ ጥያቄ ጠፍቶ አያውቅም። "እህቴ፣ ባክቴሪያ የሚገድለው ሳሙና ይሻላል ወይስ ተራው?" አተት ገባ የተባለ ሰሞንማ ሰዉ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ባለፈው አንድ አባት ተራውን ሳቀርብላቸው "ኧረ አቦ፣ ይሄማ ምን ይሠራል!" ብለው መለሱልኝ።

ይሠራል። ለቤት ተራው ሳሙና ይበቃል።

ሽሮ በቅቤ የበላችሁበትን እጅ አስቡት። በውሃ ብቻ ስትለቀለቁ ውሃው ከላይ ከላይ ይወርዳል። ጣታችሁ እንደወዛ ነው። የበርበሬው ቅላት ጥፍራችሁ ሥር ይቀራል። ሳሙና ሲነካው ግን ልቅቅ ይላል። የሳሙና ቅንጣት አንዱ ጫፉ ቅባት ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ውሃ ይወዳል። በአንዱ ቅባቱን ይይዛል፣ በሌላው ውሃውን ተከትሎ ይሄዳል። ጀርሙም እዚያው ቅባቱና እድፉ ውስጥ ስላለ አብሮ ይጠረጋል። ኮሮናና ኢንፍሉዌንዛን የመሰሉ ቫይረሶች ደግሞ መሸፈኛቸው ራሱ ቅባት ነው፤ ሳሙና ይበጣጥሰዋል።

ባክቴሪያ ይገድላል በሚባለው ውዱ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረው ኬሚካልስ? እጃችን ላይ የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው። ከዚያ በውሃው ይሄዳል። የታሰበውም ለባክቴሪያ ነው፤ ልጆቻችንን የሚጥላቸው ከባድ ተቅማጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሮታ ከሚባለው ቫይረስ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ትሪክሎሳንን ጨምሮ 19 ኬሚካሎች ቤት ውስጥ በምንታጠብበት ሳሙና እንዳይገቡ ወስኗል። አምራቾቹ ኬሚካሎቹ ከተራ ሳሙናና ውሃ እንደሚበልጡ፣ በየቀኑ ለዓመታት ቢጠቀሙባቸውም እንደማይጎዱ ማሳየት አልቻሉም ነበር። የሆስፒታሉ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ውሳኔው እሱን አልነካም። እኔን በሙያዬ የሚያስፈራኝ ሌላም አለ። ባክቴሪያ ትሪክሎሳንን ሊለምድ እንደሚችል በላቦራቶሪ ታይቷል። እኛ ዘንድ ደግሞ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየተዋጠ ነው። በዚያ ላይ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚለምድበት ሌላ መንገድ መጨመር ምን ይሉታል?

አሁን በራሴ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ልጄ ሦስት ዓመቷ ሳለ እኔም ውዱን ነበር የምገዛው። ውድ ስለሆነ ለእንግዳ ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከነጠላዬ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ሽንት ቤቱ በር ላይ ጀሪካን ብቻ ነበር። ልጄ ስትወጣ እጇን በውሃ ነካ አድርጋ ትሮጣለች። አንድ ግንቦት ላይ ተቅማጥ ያዛት። ዓይኗ ጎደጎደ፣ ከንፈሯ ደረቀ። ሌሊቱን ሙሉ ኦአርኤስ በማንኪያ ስሰጣት አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል ጤና ጣቢያ ልወስዳት ነጠላዬን ስስብ ሳሙናው ከነማሸጊያው እግሬ ሥር ወደቀ።

ልጄ ዳነች፤ ዛሬ እዚሁ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ናት። ያ ሳሙና ግን ከዓይኔ አይጠፋም።

የድሬን ውሃ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ካልሲየም ነው። ያው ካልሲየም ሳሙናውንም ይይዘዋል፣ አረፋ ቶሎ አይወጣም። ሰው "ሳሙናው አይረባም" ይልና ወደ ውዱ ይሄዳል። ጥፋቱ የሳሙናው አይደለም፣ የውሃው ነው። ትንሽ ጨምሩና ፈትጉት። ጣት መሃል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር ሥር፣ ቢያንስ 20 ሰከንድ። ለውዱ የምታወጡት ብር ሁለት ተራ ሳሙና ከገዛ አንዱን ሽንት ቤቱ ጋ፣ አንዱን ማድ ቤት አድርጉት።

ኑሮው እንደተወደደ አውቃለሁ። የልብስ ሳሙናም ቆርጦ ማስቀመጥ ይቻላል። እሱም ከሌለ ጥቂት ኦሞ በሃይላንድ ውሃ በጥብጡ፣ ክዳኑን በምስማር ብሱት፤ እጅ ያጸዳል። ልጆች ሳሙናውን እየጣሉ ካስቸገሩ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከትታችሁ ጀሪካኑ ላይ እሰሩት። እኔ ቤት እንደዚያ ነው ያለው።

ቡናው ደርሷል፣ ዳቦውም ተቆርሷል። በሩ ላይ የአራተኛ ክፍል ልጆች ጀሪካንና ተራ ሳሙና ይዘው ቆመዋል። እጃችሁን የሚያስታጥቧችሁ እነሱ ናቸው፤ 20 እስኪቆጥሩ አይለቋችሁም።

አመሰግናለሁ።