ጦሳ የሌለበት ካርታ

(ምስል፦ ማለዳ፣ ደሴ መናኸሪያ። ጦሳ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኗል።)

በጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሚኒባስ ስትሳፈሩ ሹራብ ለብሳችሁ፣ ጃኬት ደርባችሁ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ጃኬቱ ክንዳችሁ ላይ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 አካባቢ ይወርዳል። 1,000 ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይሞቃል። በሁለቱ ከተሞች መካከል እንግዲህ 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ።

(ምስል፦ የወሎ ካርታ። አንድ ትልቅ ካሬ ያርፍበታል።)

አሁን በኮምፒውተር ዓይን እንየው። የዓለምን የአየር ንብረት የሚያሰሉ ሞዴሎች ምድርን በካሬ በካሬ ይሸነሽኗታል። የብዙዎቹ ካሬ ጎን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴና ኮምቦልቻ አንድ ካሬ ውስጥ ገቡ ማለት ነው። ለካሬው የሚሰጠው ደግሞ አንድ ከፍታ፣ አንድ ሙቀት፣ አንድ የዝናብ መጠን ነው። ጦሳ ተደለደለ። ሐረጎም የለም።

ካሬውን ማሳነስስ? ይቻላል፤ ግን ውድ ነው። ጎኑን በግማሽ ስትቀንሱት የካሬዎቹ ቁጥር 4 እጥፍ ይሆናል። ስሌቱ በአንድ እርምጃ የሚሻገረው ጊዜም በግማሽ ማጠር ስላለበት የእርምጃዎቹ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። ሥራው በትንሹ 8 እጥፍ ሆነ።

(ምስል፦ የክረምት ከሰዓት። ደመና ጦሳ ላይ ይቆለላል።)

ከሁሉም የሚያስቸግረው ደመና ነው። ይህ የምታዩት ደመና ወርዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ካሬው ውስጥ ይሰወራል። ስለዚህ ሞዴሉ ደመናውን አያሰላውም፤ ከካሬው አማካይ እርጥበትና ሙቀት ተነስቶ በቀመር ይገምተዋል። አንዱ ቡድን በአንድ ቀመር፣ ሌላው በሌላ። የሚያስከፍለውን ዋጋ ተመልከቱ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር ስንት ዲግሪ ትሞቃለች? እ.ኤ.አ. በ1979 በጁል ቻርኒ የተመራው የሳይንቲስቶች ቡድን ከ1.5 እስከ 4.5 አለ። በ2021 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ፓነል ሪፖርት ከ2.5 እስከ 4 አለ። 42 ዓመት ተለፍቶ ክፍተቱ በግማሽ ጠበበ። ለቀረው ዋነኛው ምክንያት ደመና ነው።

ይህን ሰምቶ «ሙቀቱም ግምት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። የአየር ንብረት ሳይንቲስቱ ስዩኩሮ ማናቤና ባልደረባው በ1967 አንድ ዓምድ አየር ብቻ አስልተው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ሲሆን 2.3 ዲግሪ ሙቀት እንደሚጨምር አግኝተዋል። የዛሬው መልስ ከፍ ቢልም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ሙቀቱ በብርሃንና በጋዝ ፊዚክስ የቆመ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ዝናቡ ነው። ብዙዎቹ ሞዴሎች ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። ባለፉት አሥርት ዓመታት በመለኪያ የታየው ግን ባመዛኙ መቀነስ ነው። ለእኛ ይህ በልግ ነው። ደሴ ዙሪያ ደጋው ላይ ገብስ የዘራ ገበሬ ሰማዩን አንጋጦ የሚያይበት ወቅት።

(ምስል፦ የገብስ ማሳ፣ ከጀርባው ጦሳ።)

ስለዚህ ስለ በልግ ትንበያ በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ካሬው ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ጦሳስ አለበት?