«ሆድ ይፍጀው» ያለ ቤት

እህት፦ እንደምን አመሻችሁ? ከደብረ ብርሃን ነን። ብርዱ ዛሬ አጥንት ይሰብራል። ባና ደርበን ነው ፕሮግራማችንን የምንቀዳው።

ወንድም፦ ሻዩም አጠገባችን ነው። የዛሬው ፊልም «ኦርዲናሪ ፒፕል» ይባላል። በፈረንጆቹ 1980 የወጣ ነው። ተዋናዩ ሮበርት ሬድፎርድ በዳይሬክተርነት የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። የዓመቱን ምርጥ ፊልም ጨምሮ 4 ኦስካር ወስዷል።

እህት፦ ሽልማቱን ተወውና ታሪኩን ንገራቸው።

ወንድም፦ እሺ እትዬ። ቺካጎ አካባቢ የሚኖር የደላው ቤተሰብ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ልጆቹ በጀልባ ወጥተው ሳለ ማዕበል ተነሳና ጀልባዋ ተገለበጠች። ትልቁ፣ ባክ፣ ሰጠመ። ታናሹ ኮንራድ ተረፈ። በኋላ ራሱን ሊያጠፋ ሞከረና 4 ወር ሆስፒታል ተኛ። ፊልሙ የሚጀምረው ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው።

እህት፦ እኔን የያዘኝ ቁርሱ ነው። እናቱ ቤዝ የሚወደውን ሠርታ ጠበቀችው፤ በእንቁላል የተነከረ ጥብስ ዳቦ። «አልራበኝም» አላት። ወዲያው ሳህኑን አንስታ ከነሙቀቱ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው። አልተቆጣችም። አልለመነችውም። እኛ ቤት ቢሆን «በሞቴ» ተብሎ ጉርሻ ይመጣል።

ወንድም፦ «አፈር ስሆን» ይባላል። እኔ እናትየውን እዚያው ጠላኋት። ግን አንድ ቦታ አለ። የሟቹ ልጇ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ኮንራድ በሩ ላይ ብቅ ሲል ክው ትላለች። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ልጇ ክፍል፣ ሌባ ይመስል።

እህት፦ ሐዘኗን ሰው እንዳያይባት ነው። «እኛ አገርማ ለቅሶ አለ» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሙሾ ይወርዳል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። እስከ አርባው ቤቱ ሰው አያጣም። ከዚያ በኋላስ? ድንኳኑ ይነሳል፤ የሟቹ ስም ግን አይነሳም። «ሆድ ይፍጀው» ይባላል።

ወንድም፦ እትዬ፣ የኛን ቤት ልንገራቸው?

እህት፦ ... ንገራቸው።

ወንድም፦ ታላቅ ወንድማችን ሲሞት እኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እማዬ ጋቢውን አጥባ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። በየዓመቱ ለፋሲካ ታወጣዋለች፣ ታጥበዋለች፣ አጥፋ ትመልሰዋለች። አንድ ክረምት በረዶ ጥሎ በጣም በረደኝ። አውጥቼ ለበስኩት። እማዬ ከጓዳ ወጥታ አየችኝ። አንድ ቃል አልወጣትም። ከትከሻዬ ላይ ቀስ ብላ አነሳችው። ጥለቱን በጥለቱ ላይ ገጥማ አጠፈችውና ሳጥኑን ቆለፈች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። «እሱ ሞቶ እኔ ለምን ቀረሁ?» ያልኩት ያን ቀን ነው።

እህት፦ ይህን ነግረኸኝ አታውቅም።

ወንድም፦ ለማን ይነገራል?

እህት፦ ኮንራድም እኮ ይኸው ነው። ዶክተር በርገር ከሚባል የሥነ ልቦና ሐኪም ጋ ይመላለሳል። አንድ ሌሊት እየተንቀጠቀጠ ይመጣና ያኔ ነው ነገሩ የሚወጣው። ሐኪሙ «ጥፋትህ ምንድን ነው?» እያለ አጥብቆ ይጠይቀዋል። ለካስ ጥፋቴ የሚለው ጀልባዋን አለመልቀቁን ነው። ወንድሙ ለቀቀ፣ እሱ ያዘ። መትረፉን ነው እንደ ወንጀል የቆጠረው።

ወንድም፦ ኮንራድን የተጫወተው ቲሞቲ ሃተን ኦስካሩን ሲወስድ 20 ዓመቱ ነበር። የራሱ አባት ጂም ሃተን የሞተው በ1979 ነው፤ ቀረጻው ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ለቅሶውን እንደ ትወና ማየት አቃተኝ።

እህት፦ እኔን ደግሞ የአባትየው ነገር ሆዴን ይበላኛል። ሁሉንም ላስማማ ሲል የሚደክም ሰው ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ሚስቱን የሚጠይቃት ስለ ጫማ ነው። ልጃቸውን ሊቀብሩ ሲወጡ ሸሚዝና ጫማ ቀይር ብላው ነበር። ያን ቀን ማን ጫማ ያያል?

ወንድም፦ ያችን አንዲት ነገር ስንት ጊዜ ይዟት ዞረ!

እህት፦ እማዬ ግን በሌላ ዓይን ነው ያየችው። ባለፈው እየተረጎምኩላት አብራኝ አይታው ነበር። እኔ ቤዝን ሳማ «ተያት» አለችኝ። «ሆዷ አርሮ ነው። አንዴ ከጀመርኩት አላቆመውም ብላ ፈርታ ነው።»

ወንድም፦ እኔ የት ሄጄ ነው?

እህት፦ ዳቦ ልትገዛ ወጥተህ ነበር።

ወንድም፦ ስለ ራሷ ነው የነገረችሽ።

እህት፦ እኔም ገብቶኛል። ግን መልስ አልሰጠኋትም። ፊልሙን ማየታችንን ቀጠልን። ... የናቴ ልጅ፣ ያ ጋቢ አሁንም ሳጥኑ ውስጥ ነው?

ወንድም፦ አለ። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው።

እህት፦ ለዘንድሮ ፋሲካ ሦስታችን እንጠበው።

ወንድም፦ እሺ ትላለች?

እህት፦ አንተ ጠይቃት።