ዊኪፔዲያ ላይ መጻፍ የሚጀመረው ከሽንኩርት ነው

ሰላም ሰላም፣ የቻናላችን ቤተሰቦች! ዛሬ ስለ ዊኪፔዲያ ነው። ማንበቡን እንኳ ታውቁበታላችሁ፤ አሳይመንት የደረሰበት ሁሉ ያውቅበታል። እኛ የምናወራው ስለ መጻፉ ነው። አዲስ ሰው እንዴት ይገባበታል?

እስቲ ሠርግ ቤት እንሂድ። ነገ ሠርግ ነው፤ ጓሮው በጭስ ታፍኗል፤ ጎረቤት ሁሉ መጥቷል። አንቺ ለሰፈሩ አዲስ ነሽ። ገብተሽ ቀጥታ የወጡን ድስት ታማስያለሽ? ማን ያስጠጋሻል! ቢላዋ ይሰጥሽና ሽንኩርት ትልጫለሽ። እያለቀስሽ ትልጫለሽ። ከዚያ ትከትፊያለሽ። አንዲት እናት መጥተው «ልጄ፣ ይሄ ደቀቅ ይበል» ይሉሻል። ትንሽ ቅር ይልሻል፤ ግን ታደቂዋለሽ። ዓይንና ጆሮሽ ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው፦ ቁሌቱ ላይ ቅቤው መቼ እንደሚገባ፣ ዶሮ የሚበልተው ማን እንደሆነ፣ ጨው ማን እንደሚቀምስ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ። (የመጨረሻው ለወጡ አይጠቅምም፤ ግን ይሰማል።) ሦስተኛው ሠርግ ላይ «ነይ፣ አንቺ ዶሮውን ያዢልን» ትባያለሽ። ሰርተፍኬት የሰጠሽ የለም።

ዊኪፔዲያም እንዲሁ ነው። ሽንኩርቱ ምንድን ነው? የፊደል ግድፈት። የማይከፍት ሊንክ። «ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ እንበል። ልክ ነው፤ ምንጭ ግን የለውም። መጽሐፍ ታገላብጫለሽ፤ ደራሲውን፣ ርዕሱን፣ ዓመቱን፣ ገጹን ታስገቢያለሽ። በቃ፣ ጓሮው ውስጥ ገብተሻል።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ነገር፦ «የራሴን ገጽ ለማስከፈት ስንት ነው?»

ወገን! ዊኪፔዲያ ፌስቡክ አይደለም። ገጹ ስላንተ ቢሆንም ያንተ አይደለም። እንዲጻፍልህ፣ ካንተ ጋር ንክኪ የሌላቸው ጋዜጦች ወይም መጻሕፍት ስላንተ በደንብ ጽፈው መገኘት አለባቸው። ቲክቶክህ አይቆጠርም። የአክስትህ ልጅ የሠራልህ ኢንተርቪውም አይቆጠርም። «ከፍዬ ላስጽፋ!» ትለኛለህ። ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ማን እንደከፈለው በግልጽ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ደብቆ ከተነቃበት ሊታገድ ይችላል፤ ገጹም ሊሰረዝ ይችላል። ብርህ ግን አይመለስም፤ ደላላውን ስልኩ ላይ ፈልገው። ደግሞ ገጹ ቢከፈትስ? ጥፋትህ ጋዜጣ ላይ ከወጣ እዚያው ይጻፋል። «አጥፉልኝ» ስላልክ ብቻ አይጠፋም።

ዊኪፔዲያ ላይ ስለ ሰው ሲጻፍ ለምን ይጠነክራሉ? እ.ኤ.አ. በ2005 ጆን ሲገንታለር የተባለውን አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ጋር የሚያነካካ የፈጠራ ወሬ አንድ ሰው ጻፈ። ለወራት ማንም ሳያርመው ቆየ። የዚያኑ ዓመት እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ያለ አካውንት አዲስ ገጽ መክፈትን ከለከለ።

እሺ፣ አሠራሩን ቶሎ ቶሎ እንይ። አካውንት ክፈቱ። የመለማመጃ ገጽ አላችሁ፤ እሱ ላይ እንደፈለጋችሁ አበላሹ። ከዚያ እውነተኛው ገጽ ላይ አርሙ፣ ምን እንዳረማችሁ በአንድ መስመር ግለጹ፣ አስቀምጡ። ወዲያው ይታያል። ማን መቼ ምን እንደለወጠ የገጹ «ታሪክ» ላይ ይቀመጣል። እንግሊዝኛው ላይ አዲስ ገጽ በቀጥታ ለመክፈት አካውንታችሁ 4 ቀን መሙላት፣ እናንተም 10 እርማት መሥራት አለባችሁ። ከጋዜጣ ኮፒ ፔስት ማድረግ ክልክል ነው።

የጻፋችሁትን ሰው አጥፍቶ ገጹን ወደ ነበረበት ቢመልሰውስ? ብዙ አዲስ ሰው ኩርፊያ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። አካውንቱን ጥሎ ይሄዳል። እኔ ግን ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ይመስለኛል። ታሪኩን ክፈቱ፤ የመለሰው ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ጽፏል፦ «ምንጭ የለውም»፣ «ማስታወቂያ ይመስላል»። ካልገባችሁ የውይይት ገጹ ላይ ጠይቁ፤ መጨረሻው ላይ አራት ቲልዳ (~~~~) አድርጉ፣ ስማችሁ ራሱ ይገባል። ደግማችሁ ደጋግማችሁ ያንኑ መለጠፍ ግን ጠብ ነው።

እንግሊዝኛው 7 ሚሊዮን ጽሑፍ አልፏል። አማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። ሥራ ሞልቷል! የተወለዳችሁበትን ወረዳ ገጽ ፈልጉ፤ ካለ ማለቴ ነው። በሚቀጥለው ቪዲዮ ምንጭ አጻጻፍን ብቻ እናያለን፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ደወሏን ተጫኑ፣ እንዳታመልጣችሁ።