ኮንቴይነሩ ደጅ ላይ ይቀመጣል፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ዳላስ

ማህሌት፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬም ካዛንቺስ ነን። ከውጭ የግንባታ ድምፅ ከሰማችሁ ይቅርታ፤ መስኮቱን ብንዘጋውም አልተቻለም። ሄኒ፣ ዛሬ የቤተሰብ ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት።

ሄኖክ፦ ነፃ ምክር ፈልጌ ነው በያ።

ማህሌት፦ እሱ ነው እንግዲህ። እህቴ ሜሪላንድ ናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ባሏ ዳላስ ሥራ አገኘ። የአፓርታማቸው ውል ጁላይ መጨረሻ ላይ ያልቃል። የዳላሱ ቤት ደግሞ ሴፕቴምበር ካልሆነ አይገባበትም። ሰው ሁሉ «በኮንቴይነር ላኪው» ይላታል። እሷ እኔን ትጠይቃለች። እኔ የማውቀው አይሱዙ ነው!

ሄኖክ፦ ከአይሱዙ እንነሳ ታዲያ። እዚህ ቤት ስንቀይር ምን ይሆናል? መኪናው ይመጣል። ጫኝና አውራጅ ይመጣል። በር ላይ የዋጋ ክርክር ይጀመራል። ሹፌሩ ሰዓቱን እያየ ይነጫነጫል። ሁሉም ነገር በአንድ ጠዋት ማለቅ አለበት። የአሜሪካኑ ኮንቴይነር የሚገላግልሽ ከዚህ ጥድፊያ ነው። ባዶውን አምጥተው ደጅሽ ያስቀምጡልሻል። በራስሽ ጊዜ ትሞይዋለሽ፣ በራስሽ ቁልፍ ትቆልፊዋለሽ። ከዚያ ጭነው ይወስዱታል።

ማህሌት፦ እዚህ ቢሆን ደንብ አስከባሪ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል።

ሄኖክ፦ እሱ ከቀረ ደግሞ ጠዋት ስትነሺ ሱቅ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ካርድ፣ ለስላሳ፣ ሳሙና...

ማህሌት፦ (ሳቅ) እሺ፣ ስለ እህቴ። ስንት ዓይነት ነው ያለው?

ሄኖክ፦ ስሙ የገነነው ፖድስ የሚባለው ኩባንያ ነው። 1998 ላይ ፍሎሪዳ ነው የተጀመረው። ትልቁ ሳጥኑ 16 ጫማ ነው፣ አምስት ሜትር ልትጠጋ ትንሽ የቀራት። ትንሹ 8 ጫማ ነው። ፓክ ራት የሚባለውም ተቀራራቢ መጠን አለው፣ ብረት ነው። ዩ-ሆል የሚባለው ኩባንያ ደግሞ ሳጥኑን ዩ-ቦክስ ይለዋል፤ እሱ የእንጨት ሳጥን ነው፣ አነስ ያለ፣ ስምንት ጫማ በአምስት ጫማ አካባቢ። ዕቃሽ ሲበዛ ሁለት ሦስት እያልሽ ትጨምሪያለሽ። ዩ-ፓክም በትንንሽ ሳጥን ያስተናግዳል፤ እሱ የሚያስከፍልሽ በተጠቀምሽበት ሳጥን ብቻ ነው።

ማህሌት፦ እና የትኛው ይሻላል?

ሄኖክ፦ እንደሱ ከጠየቅሽኝ አልመልስም። መጀመሪያ ሳጥኑ የት ነው የሚቀመጠው? አፓርታማ ናት ብለሻል። ብዙ አፓርታማዎች ፓርኪንጋቸው ላይ ኮንቴይነር አያስቀምጡም። ዋጋ ከመጠየቋ በፊት የሕንፃውን አስተዳደር ትጠይቅ። እነሱ እምቢ ካሉ የዋጋ ንጽጽሩ ምንም አይጠቅማትም።

ማህሌት፦ መንገድ ላይስ?

ሄኖክ፦ እሱ እንደ ከተማው ነው። ለምሳሌ ድንበሩን አልፈሽ ዋሺንግተን ከገባሽ ፈቃድ ማውጣት አለብሽ። መኖሪያ ሰፈር ከሆነ ደግሞ «እዚህ ማቆም ክልክል ነው» የሚለውን ወረቀት ከ72 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለብሽ። ሜሪላንድ የራሱ ደንብ አለው። ከላይ ዛፍና ሽቦም መታየት አለበት፣ የሚያወርደው ማሽን ከፍታ ይፈልጋል። ቦታ ከጠፋ ግን መላ አለው። ዩ-ቦክስን ኩባንያው ግቢ ድረስ ሄደሽ እዚያው መጫን ትችያለሽ።

ማህሌት፦ ሁለት ጊዜ መጫን ማለት ነው እሱ። ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሳጥን።

ሄኖክ፦ ልክ ነሽ፣ ድካም ነው። ግን ከነጭራሹ ከመቅረት ይሻላል።

ማህሌት፦ ዋጋውን ግን ንገረኝ፣ እሷ የምትጨነቀው እሱ ላይ ነው።

ሄኖክ፦ ቁጥር አልጠራም፤ በርቀት፣ በወርና በሳጥን መጠን ይለያያል። እሷ የምትሄድበት ወቅት ግን ውዱ ነው። አሜሪካ ሰው ቤት የሚቀይረው በበጋቸው ነው፣ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር። የወር መጨረሻ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እሷ ሁለቱንም አጣምራለች። ስለዚህ ቶሎ ትያዝ። አንድ ሳምንት ወደፊት ወይ ወደኋላ ማድረግ ከቻለችም ትጠይቅ፣ ዋጋው ሊለወጥ ይችላል።

ማህሌት፦ እኔ ግን የሚያሳስበኝ ያ የመሃል ወር ነው። ኦገስትን ሙሉ ዕቃው የት ይከርማል?

ሄኖክ፦ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው ማሂ። ለእኔ ኮንቴይነር የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው። ከአንዱ ቤት መውጫሽና ከሌላው መግቢያሽ ካልገጠመ፣ ዕቃሽ ሳይራገፍ መጋዘናቸው ውስጥ ይቆያል። ተራ የጭነት መኪና ከሆነ መጋዘን ተከራይተሽ ታወርጃለሽ፣ ከወር በኋላ እንደገና ትጭኛለሽ። ምጣዱ አራት ጊዜ ተነስቶ ተቀመጠ ማለት ነው።

ማህሌት፦ ምጣዱን አታንሳብኝ! ስለሱ ለብቻው ደውላልኛለች።

ሄኖክ፦ እንመጣበታለን። እህትሽ ኩባንያውን የምትጠይቀው ይሄን ነው፦ ኦገስትን ዕቃዬ ሜሪላንድ ነው የሚቀመጠው ወይስ ዳላስ? የዳላሱ ቤት ቢዘገይ ተጨማሪው ወር ስንት ነው? ቀን ብለውጥ ቅጣት አለው? መጋዘን ሆኖ ሳለ የልጅ የትምህርት ቤት ልብስ ላወጣ ብል ታስገቡኛላችሁ? በርካሽ ዋጋ የሚጀምር ኩባንያ እነዚህ ላይ ሊያካክሰው ይችላል። እኔ ብሆን ቀኗ ሲዛነፍ ምን ያህል እንደሚያስከፍሏት አይቼ ነው የምመርጠው።

ማህሌት፦ ዕቃው ቢሰበርስ?

ሄኖክ፦ እዚህ ላይ ሰው ይምታታበታል። ሙሉ አገልግሎት የሚሰጡ፣ ራሳቸው ጠቅልለው የሚጭኑ ድርጅቶች ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ሲያጓጉዙ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጡት ዋስትና አለ። ለአንድ ፓውንድ ክብደት፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ ማለት ነው፣ 60 ሳንቲም ነው። ቴሌቪዥንሽ 50 ፓውንድ ቢመዝን 30 ዶላር ሰጥተው ይሸኙሻል።

ማህሌት፦ በስመ አብ! 30 ዶላር?

ሄኖክ፦ አዎ፣ ሙሉ ዋስትና ከፈለግሽ ከፍለሽ ነው። ኮንቴይነር ላይ ደግሞ የጫንሽው አንቺ ነሽ። እነሱ የራሳቸውን የጥበቃ ዕቅድ ይሸጡልሻል፤ አጫጫንሽ ልክ ካልነበረ ግን ላይከፍሉ ይችላሉ። የቤት ወይም የተከራይ ኢንሹራንስ ካላት ደውላ ትጠይቅ፣ ምናልባት ከፊሉን ይሸፍናል።

ማህሌት፦ አጫጫኑን እሷ ምን ታውቃለች? ባሏም የቢሮ ሰው ነው።

ሄኖክ፦ ለሰዓታት ጉልበት የሚሸጡ ሰዎች አሉ፣ ትቅጠር። እዚህ ነው ገንዘብ ማውጣት። ከባዱ ከታች፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እኩል ተከፋፍሎ። ፍራሽ በጎኑ ቆሞ። ክፍተት ካለ በብርድ ልብስ ይሞላል፣ ከዚያ በገመድ ይታሰራል። መንገዱ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የላላ ነገር ሁሉ እየተጋጨ ነው የሚሄደው። መጽሐፍ በትልቅ ካርቶን አይሞላም፣ አይነሳማ። ክብደትም ገደብ አለው። ዩ-ቦክስ 2,000 ፓውንድ ነው፣ 900 ኪሎ ገደማ። የባሏን መጽሐፍ ስትጨምሪበት ቦታ ሳያልቅ ኪሎው ያልቃል።

ማህሌት፦ አሁን ምጣዱ።

ሄኖክ፦ የሸክላ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው?

ማህሌት፦ አዎ፣ ሁለት ምጣድ፣ ሦስት ጀበና፣ ከጎንደር የመጣ መሶብ።

ሄኖክ፦ መሶቡ ይጫን፣ ከላይ ምንም አይቀመጥበት እንጂ። ውስጡን ልብስ ትሙላው። ምጣዱና ጀበናው መኪናቸው ውስጥ ከሰው ጋር ይሂዱ። ወርቅና ሰነድም እንደዚያው፣ እሱ ግልጽ ነው።

ማህሌት፦ ቅቤዋስ? እናቴ የላከችላት አለ።

ሄኖክ፦ ማሂ! ሳጥኑ ማቀዝቀዣ የለውም። የቴክሳስን ኦገስት ታውቂዋለሽ? ቅቤው በፍራሹ ላይ ይነጠራል። የሚበላ ነገር በአጠቃላይ አይገባም፣ ሽሮም በርበሬም። ነፍሳትና አይጥ ይጠራል። ጋዝ፣ ቀለም፣ የሚቀጣጠል ነገርም ክልክል ነው።

ማህሌት፦ ታዲያ ቅቤው ለጎረቤት ይቀራል።

ሄኖክ፦ ሶፋውም ይቅር ባይ ነኝ። ሰው የማይወደውን ሶፋ ከፍሎ አገር ያቋርጣል። ያረጀውን ትሽጥ፣ ምናልባት ትልቁ ሳጥን በትንሹ ይተካል።

ማህሌት፦ ሶፋውን እኔ ነኝ የመረጥኩላት።

ሄኖክ፦ እንግዲያው ይጫን። (ሳቅ) የምሬን ግን፣ ቢያንስ ከሦስት ኩባንያ በጽሑፍ ዋጋ ታምጣ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ዝርዝር ይዘው፦ ማድረሻው፣ የመጋዘኑ ወር፣ የቀን ለውጡ፣ ዋስትናው። በስልክ የተባለ ነገር አይያዝ።

ማህሌት፦ ወረቀቱን ስታመጣ ዘላ እንዳትፈርም ነው የምፈራው። እሷ ስትጣደፍ...

ሄኖክ፦ ከመፈረሟ በፊት ትላክልን። ስለ መዘግየትና ስለ መሰረዝ የሚለውን ገጽ እኔ አነብላታለሁ፣ አንቺ ሶፋው ላይ ተነጋገሪ።