ምጣዱን በገመድ የለኩት እናት

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ሥልጠናችሁን ጨርሳችሁ የምርጥ ዘርና የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መሸጫ ለመክፈት የተዘጋጃችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

በሥልጠናው ሰሞን ከአንደበታችሁ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ አባባል አለ፤ «ሕዝቡ ለውጥ አይወድም»። ይህን አባባል ከልቤ እቃወመዋለሁ። ዛሬ የቆምኩትም ለምን እንደምቃወመው ልነግራችሁ ነው።

በወጣትነቴ አንድ ድርጅት ቀጥሮኝ በደጋ አገር ምድጃ እሸጥ ነበር። የምሸጠው ከሲሚንቶ የሚሠራውን፣ ምርጥ ምድጃ የሚባለውን ነው። ጥሩ ዕቃ ነው። እሳቱን ዙሪያውን ይከልለዋል፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። እናቶቹ ንግግራችንን በትዕግሥት አዳመጡ፣ ቡና አፈሉልን፣ መርቀው ሸኙን። የገዙት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በወሩ መጨረሻ ለሽያጩ ማነስ ምክንያት ብዬ በሪፖርቱ ላይ «የግንዛቤ እጥረት» ብዬ ጻፍኩ። ያንን ቃል መጻፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩን ያስረዱኝ አንዲት አዛውንት ናቸው። እንደገና ብሄድባቸው አልተቆጡም። ገመድ አምጥተው የምጣዳቸውን ስፋት ለኩና ገመዱን በምድጃው አፍ ላይ ዘረጉት። ምጣዱ በአራት ጣት ያህል ይበልጥ ነበር። «ልጄ፣ ይህ ለማን ምጣድ ነው የተሠራው?» አሉኝ። ምጣዳቸውን ራሳቸው አሟሽተው ዓመታት ጋግረውበታል፤ እንጀራው ሳይዝ ይነሣላቸዋል፣ ዓይኑም ያምራል። የእኔን ምድጃ ቢገዙ ያንን ምጣድ ትተው አዲስ ገዝተው እንደገና ማሟሸት ሊኖርባቸው ነው። ስለ ዋጋ ስናገር ይህንን ወጪ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም። ማታ ማታ ብርድ ሲመጣ ልጆቹ የሚሞቁት በዚያው በጉልቻው እሳት ዳር ነው። እኔ እንደ ብክነት የቆጠርኩት ሙቀት ለእሳቸው ቤት ማሞቂያ ነበር። እንጨቱንም ከሴት ልጃቸው ጋር ይለቅማሉ እንጂ አይገዙትም፤ ስለዚህ «ግማሹን ይቆጥባል» ስላቸው እጃቸው ላይ የሚቀር አንድም ብር አልታያቸውም። እየታሰረ የሚሸጥ እንጨት የምትገዛ የከተማ እናት ብትሆን ሒሳቡ ሌላ ይሆን ነበር። እኔ ግን ለሁለቱም አንድ ንግግር ይዤ ነበር የምዞረው። ለለቀማው የሚሄደው ጊዜና የልጅቱ ድካም ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። እሱን አንሥተን መነጋገር የጀመርነው ግን መጀመሪያ እኔ ዝም ብዬ ስላዳመጥኩ ነው።

አሁን እዚሁ ቢሾፍቱ ወዳለው ወደ ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ልምጣ። በጤፍ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረኝ ነገር አላገኘሁም። ዱከም የሚባል ዝርያ ነበር፤ ምርቱ ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ፍሬው የገበያውን ንጣት አልያዘም፤ ገበሬውም ብዙ አልወደደውም። ገበሬው ነጭ ጤፍ ምን ያህል በተሻለ ዋጋ እንደሚሸጥ ያውቃል። ነጩ ማኛ ደግሞ ዓይን ይማርካል፤ ምርቱ ግን ያንሳል። እዚህ ላይ ቆሞ «አርሶ አደሩ አዲስ ዘር አይቀበልም» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር።

ተመራማሪዎቹ ግን እምቢታውን እንደ ሥራ ትእዛዝ ተቀበሉት። ሁለቱን ለማዳቀል ተነሡ። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ነው፤ የሚከፈተውም ማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሥራው ጥንቃቄና ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዚያ ድካም ቁንጮ የሚባለው ዝርያ ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቀቀ። የዱከምን ምርታማነትና የማኛን ንጣት ያዘ። ለውጥ አይወድም የተባለው ገበሬም ዘሩን ከጎረቤት ጎረቤት እየተቀባበለ ዘራው።

በመስመር መዝራት ግን እንዲህ አልቀለለም። ምክሩ ልክ ነበር፤ በብተና በሔክታር 25 ወይም 30 ኪሎ ዘር ከመጨረስ ይልቅ ጥቂት ኪሎ በመስመር ቢዘራ ተክሉ መተንፈሻ ያገኛል፣ አገዳው ይጠነክራል። ነገር ግን አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ተመዝኖ የግራም ሲሶ ያህል ነው። ይህንን በሐምሌ ጭቃ ውስጥ፣ ሥራ በሚደራረብበት ወቅት፣ ማን መስመር ለመስመር እያጎነበሰ ይዝራው? የገበሬው ጥያቄ ይህ ነበር። የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በስቶ ዘሩን በዚያ ያንጠባጠበም አለ። ለአዲስ አሠራር መሣሪያ የሚፈጥርን ሰው ለውጥ ጠል ማለት ግፍ ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ «ዘመናዊ» የሚለውን ቃል ከመሸጫ ንግግራችሁ አውጡት። የሚሰማው ሰው «በእጅህ ያለው ኋላ ቀር ነው» ብላችሁ እንደሰደባችሁት ይሰማዋል። ዘርም ስትሸጡ ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ ሽጡ፤ ገበሬው ከማሳው ጥግ ላይ ከራሱ ዘር ጎን ይሞክረው። ለእናንተ አንድ ከረጢት ናሙና ነው፤ ካልበቀለ ግን እሱ የሚያጣው የዓመት ቀለብ ነው። ይህን የሚያህል አደጋ በአፋችሁ ቃል ብቻ ተማምኖ እንዲሸከም መጠየቅ አይገባም። ወቅቱ ሲያልፍም ተመልሳችሁ ሂዱ። ያልበቀለበትን ሰው ከሁሉ በፊት ጎብኙት፤ ገንዘቡን መመለስ ካለባችሁም መልሱለት።

አሁን ወደ ግቢው እንወጣለን። ከአካባቢው የመጡ አራት እናቶች የየቤታቸውን ምጣድ ይዘው እየጠበቁን ነው። ምድጃዎቹን እነሱ ይመርምሩ፣ እነሱ ያንድዱ፣ እነሱ ይጋግሩ። መጀመሪያ የሚናገሩትም እነሱ ናቸው። ደብተርና መለኪያ ሜትር ያዙ፤ የእያንዳንዱን ምጣድ ስፋት ጻፉልኝ። አመሰግናለሁ።